«ዶክተር፣ ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?» ከመልቀቂያ ደብዳቤው በፊት የሚታዩ ነገሮች



የዛሬው ርዕስ ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። ስለ ግፊትም ስለ ስኳርም አይደለም። እኔ በምሠራበት በአቃቂ በሰቃ ግን ከማንኛውም የመድኃኒት ጥያቄ በላይ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ታካሚው ማዘዣውን ይቀበላል፣ ይነሳል፣ በሩን ይይዝና ዞር ብሎ «ዶክተር፣ ለመሆኑ ይሄን ሥራ ልልቀቅ ወይ?» ይለኛል። ዋናው የመጣበት ጉዳይ እሱ ነበር ማለት ነው፤ ሳሉ ሰበብ ነው።

አካባቢውን ለማታውቁት፣ አቃቂ የድሮው የጅቡቲ ባቡር የሚያልፍበት፣ ፋብሪካ የበዛበት የከተማችን ደቡባዊ ጫፍ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ መጋዘኑ፣ ጋራዡ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ እዚህ ነው። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ይበዛል። ስለዚህ «ሥራዬ እያመመኝ ነው» የሚል ሰው እኔ ጋ ብርቅ አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ፈጣን መልስ ነበረኝ። ያ መልስ ምን እንዳስከተለ ልንገራችሁ። (ሁለት ታካሚዎችን አነሳለሁ። ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውንም ነገር ቀይሬያለሁ።)

የመጀመሪያው በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ አባት ናቸው። ጥጥ ተፈትቶ በሚበጠርበት ክፍል 11 ዓመት ሠርተዋል። ደረታቸውን ያፍናቸዋል፣ ያስላቸዋል። መቼ ይብስብዎታል ስላቸው «ሁልጊዜ ከእረፍት ስመለስ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው፤ ከዚያ እየለመድኩት ይሄዳል» አሉኝ። ይሄ ለሐኪም ጆሮ ደወል ነው። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ባይሲኖሲስ የሚባለው የሳንባ ህመም ሲጀምር ጠባዩ እንዲህ ነው። ተራ አስም ቢሆን ብናኙ ውስጥ በቆዩ ቁጥር ሳምንቱን ሙሉ እየባሰ ሊሄድ ይችላል። ባይሲኖሲስ ግን መጀመሪያ አካባቢ ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጠንክሮ ይመጣና በሚቀጥሉት ቀናት ይላላል። ቶሎ ከብናኙ ከተራቁ የመሻሻል ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ለዓመታት ከቆዩበት ግን ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል።

እኔም በልበ ሙሉነት «አባቴ፣ ይሄን ሥራ ይልቀቁ» አልኳቸው። የሚነፋ መድኃኒት አዘዝኩ፣ ሸኘኋቸው። በምርመራው አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ባለው ነው።

ሰውየው ቃሌን እንደ ትእዛዝ ወስደው በማግስቱ ሥራ ሳይሄዱ ቀሩ። ደብዳቤ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ፋብሪካው ከሥራ ገበታቸው ስለቀሩ አሰናበታቸው። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሲመለሱ ደረታቸው ቀለል ብሎት ነበር፤ ግፊታቸው ግን ከ190 በላይ ሆኗል። ለካስ የግፊት ኪኒናቸውን በነፃ የሚወስዱት ከፋብሪካው ክሊኒክ ነበር። እኔ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። የስንብት ክፍያ የለም፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የለም። ህመማቸው ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ ሳልጽፍላቸው ነው የሸኘኋቸው።

«ዶክተር ልቀቁ አሉኝ፣ ለቀቅኩ» አሉኝ። ምንም ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

ከዚያ ወዲህ በሩን ይዞ ዞር የሚለውን ሰው «ተመለስና ተቀመጥ» እላለሁ።

መጀመሪያ ሰውነቱ ይመርመር

ሁለተኛዋ የ34 ዓመት እህት ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። ክር መፍተያ ክፍል ውስጥ 7 ዓመት ሠርታለች፣ በሦስት ፈረቃ እየተቀያየረች። ስትመጣ ሁሉንም ነገር ወስና ነበር። «ዶክተር፣ አልቻልኩም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ልጆቼን እጮህባቸዋለሁ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ሌላ ቦታ በ2,000 ብር ጭማሪ ጠርተውኛል። ልሂድ?»

ሁኔታዋን ሰምቶ «ሥራው አቃጥሏታል» የማይል ማን አለ? የዐይኗን ሽፋን ገለጥ ሳደርገው ግን ነጭ ነው። የደም ምርመራ አዘዝኩ፣ ሄሞግሎቢኗ 8.1 ሆነ። ላልፀነሰች ሴት ከ12 በታች የሆነ ሁሉ የደም ማነስ ነው። የወር አበባዋን ስጠይቃት ስምንት ዘጠኝ ቀን እንደሚፈስ፣ እንደሚበዛ፣ «ግን ለምጄዋለሁ» አለች። አልትራሳውንድ ላይ ማዮማ፣ ማለትም የማህፀን እጢ ተገኘ።

እንግዲህ አስቡት። ይህች እህት ደሟ በዚህ ደረጃ እያለ ሥራ ብትቀይር አዲሱም ቦታ ደረጃ ሲወጣ ልቧ ይመታል። የአዲሱን ሥራ የሙከራ ጊዜ፣ ማለትም ሰው ሁሉ ዐይኑን የሚጥልባትን ጊዜ፣ በግማሽ ጉልበት ልታሳልፈው ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ምርመራ ነው። ለወራት የቆየ ድካም ያለበት ሰው ቢያንስ ደሙን፣ ስኳሩን፣ እንደ ምልክቱም የታይሮይድ ዕጢውን ይታይ። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ ላብና ክብደት መቀነስ ካለ፣ ቲቢ ሳይመረመር «የብናኝ ነው» ብሎ መተው አይቻልም። ደም የሚያንሳችሁ ደግሞ አንድ ነገር በቅንፍ ልንገራችሁ (ቡናችንን አትንኩብን እንደምትሉ አውቃለሁ)፤ ቡናና ሻይ ምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ከምግቡና ከአይረን ኪኒናው አንድ ሁለት ሰዓት አርቃችሁ ጠጡ።

ከአካል ቀጥሎ ድባቴ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን የሚቆይ ሐዘን ወይም ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መቃወስ፣ ራስን እንደማይረባ መቁጠር ካለ ይሄ የሚታከም ህመም ነው። የሥራ መዛል ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሥራ መዛል ሲያብራራ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው ብሎታል። መገለጫዎቹም ሦስት ናቸው፤ ጉልበት ማለቅ፣ ሥራውን መጥላትና መራቅ፣ ውጤታማ አይደለሁም ብሎ ማሰብ።

በክሊኒክ እንዴት እንደምለያቸው ልንገራችሁ። «በዓመት እረፍትሽ ጊዜ እንዴት ነበርሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ኧረ ዶክተር፣ አገር ቤት ሄጄ ሰው ሆኜ ነበር የመጣሁት» የምትለኝና «እዚያም ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት፣ እናቴን እንኳ ማናገር አስጠላኝ» የምትለኝ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ችግሯ ወደ ሥራው ያዘነብላል። ሁለተኛዋ ህመሙን ይዛው ነው የምትዞረው። ይሄ ጥያቄ ብቻውን ምርመራ አይሆንም፣ ግን ብዙ ያሳያል።

ድባቴ ውስጥ ላለ ሰው የምሰጠው ምክር አንድ ነው። የሚቻል ከሆነ ትልቁን ውሳኔ ህክምናው መሥራት እስኪጀምር አቆዩት። ድባቴ ሁሉንም በር የተዘጋ ያስመስላል፤ ወይም ደግሞ «ይሄን ብቻ ብተው ሁሉም ይስተካከላል» ያሰኛል። መኖርን እስከ መጥላት የደረሰ ሐሳብ ካለ ደግሞ ስለ ሥራ ማሰቡን ተዉትና በዚያኑ ዕለት ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ወይም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሂዱ።

ሥራው ነው ወይስ ክፍሉ?

ምርመራው ካለቀ በኋላም ሥራው የሚያም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ የምናየው ነገር ብዙ ነው፣ እኔ ሁለቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው ድምፅ ነው። ክንዳችሁን ብትዘረጉ የምትነኩት ሰው እንዲሰማችሁ ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካለባችሁ ቦታው ከ85 ዴሲቤል በላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በዚያ ደረጃ በቀን ስምንት ሰዓት ለዓመታት መቆየት ጆሮን ይጎዳል፣ በድምፅ የተጎዳ የመስማት አቅም ደግሞ አይመለስም። ያችን እህት «ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ትጣላላችሁ?» ስላት ሳቀች። «ልጄ ‹እማዬ አደነቆርሽን፣ ቀንሺው› ትለኛለች» አለች። ደም ማነሱ ታክሞም የሚቀር ነገር አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈረቃ ነው። የሌሊት ሥራን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007፣ እንደገናም በ2019 «ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። ይሄ ማለት አንድ ሌሊት የሠራ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ማስረጃው ያሳስባል፣ ግን የመጨረሻ አይደለም ማለት ነው። የሥራ ሰዓት ርዝመት ላይ ያለው ማስረጃ ጠንከር ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነፃፀር በስትሮክ የመያዝን ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር በሽታ የመሞትን ዕድል በ17 በመቶ ከፍ ያደርጋል።

ታዲያ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ አለ። «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ» በሚሉት መካከል ክፍል መቀየር አለ። እኚያ አባት ከጥጥ መበጠሪያው ወደ መጋዘኑ ወይም ወደ ጥበቃ ቢዛወሩ ሳንባቸው ያርፍ ነበር፣ ኪኒናቸውም አይቋረጥም ነበር። እኔ ማድረግ የነበረብኝ «ይልቀቁ» ማለት ሳይሆን «ይህ ታካሚ የጥጥ ብናኝ ከሌለበት የሥራ ቦታ እንዲመደቡ በህክምና ይመከራል» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ሐኪማችሁን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ኮፒውንም ለራሳችሁ አስቀሩ። ፋብሪካው እምቢ ሊል ይችላል፣ ግን ጥያቄው በጽሑፍ ቀርቷል። ህመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ የህክምና ወጪው የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ከለቀቃችሁ በኋላ ግን ይሄን ማስረዳት በጣም ይከብዳል።

ሌላም በር አለ። ብዙ ሰው ስለታመመ ብቻ ይለቅቃል፣ የህመም ፈቃድ እንዳለው ግን አያውቅም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና በህመም መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ የህክምና ማስረጃ አቅርቦ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የህመም ፈቃድ ማግኘት ይችላል። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ነው። አንድ ወር ታክሞ፣ አርፎ፣ ከዚያ መወሰን የሚችል ሰው ለምን በትኩሳቱ ይወስናል?

እዚሁ አገራችን የተሠራ ጥናት

«ፋብሪካ ትቼ የራሴን ብጀምርስ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እንጀራ መሸጥ፣ ሱቅ፣ ባጃጅ… ለዚህ ጥያቄ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ጥሩ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ነው ያሳተሙት።

አምስት ድርጅቶች ላይ ለሥራ ካመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎች መካከል፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ በዕጣ ከፋፈሉ። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ወይም የእርሻ ሥራውን እንዲያገኝ ተደረገ። ሌላው 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፣ በዓመቱ አብዛኛው ለቅቆ ነበር። በገቢ በኩል ሥራውን ካላገኙት አልተሻሉም። የጤና ችግር ግን በግልጽ ጨመረባቸው። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ደግሞ በዓመቱ ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ «ሁላችሁም ልቀቁና ነግዱ» እል ነበር። ግን ከ5 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቋቸው በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ብዙዎቹ የጀመሩትን ንግድ ትተውታል፣ ገቢያቸው ተመሳስሏል፣ የፋብሪካው የጤና ጉዳትም በብዙዎቹ ላይ አልቀጠለም።

እኔ ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ወር ላይ «አልቻልኩም» ማለት የእናንተ ድክመት አይደለም፤ ሦስት ሰው ከገባ አንዱ የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ የራስ ሥራ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ያ ውጤት የመጣው ግን እጃቸው ላይ መነሻ ገንዘብ ለተሰጣቸው ሰዎች ነው። ያለ መነሻ፣ ያለ ጥቂት ወር የቤት ኪራይ፣ ከታመመ ሰውነት ጋር ሲጀመር ሌላ ነገር ነው። ኢ-መደበኛ ሥራ ለምትገቡ ደግሞ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ መቼ እንደሆነ ወረዳችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ታማችሁ ስትወድቁ መመዝገቢያው ጊዜ አልፎ እንዳይገኝ።

የ2,000 ብሩ ሂሳብ

ወደ እህታችን ልመለስ። የተጠራችበት ቦታ ሰሚት አካባቢ ነው። አሁን 6,500 ብር ታገኛለች፣ እዚያ 8,500። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋትና አብረን ሠራነው።

አሁን ያለችበት ሰርቪስ አለው፣ ምሳም ያበላል። አዲሱ ሁለቱም የለውም። ከአቃቂ እስከዚያ ታክሲ እየቀያየረች ደርሶ መልስ በቀን 60 ብር ብንይዝ፣ በወር 26 የሥራ ቀን፣ 1,560 ብር። ምሳ በትንሹ 100 ብር፣ 2,600 ብር። ሁለቱን ስንቀንስ ከ8,500 የሚተርፋት 4,340 ብር ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው። ዝም ብላ ወረቀቱን አየችው። «ለካ ጭማሪ አይደለም» አለች።

መንገዱ ደግሞ አለ። ሄዶ ለመመለስ በቀን ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ያ ሰዓት የሚቀነሰው ከእንቅልፍ ነው፣ ከሌላ ከየትም አይመጣም። ለሌሊት ፈረቃ ወጪ ደግሞ አስቡት፤ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ንቃቱና ቅልጥፍናው መጠጥ የቀመሰ ሰው ያህል እንደሚወርድ በጥናት ታይቷል። እንዲህ ሆኖ ማሽን ላይ መቆም፣ ወይም የቃሊቲን አስፋልት በጨለማ መሻገር አለ።

ስለዚህ አዲስ ቦታ ስትጠሩ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ጠይቁ፦ ፈረቃው ስንት ነው፣ የትርፍ ሰዓት ግዴታ ነው ወይ፣ ሰርቪስ አለ ወይ፣ ህክምና ይሸፍናል ወይ፣ ከሸፈነ ቤተሰብን ይጨምራል ወይ፣ ከሙከራ ጊዜ በፊት ይጀምራል ወይስ በኋላ? በሕጉ መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበቱ ትችላላችሁ። ልብሱ ለውጭ ገበያ የሚሄድ ፋብሪካ ከሆነ ትእዛዝ አለው ወይ ብላችሁ እዚያ የሚሠሩትን ጠይቁ፤ አገራችን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ከወጣች ወዲህ ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በር ላይ ቆማችሁ ከፈረቃ የሚወጡ ሠራተኞችን ማነጋገር ከማንኛውም ቃለ መጠይቅ ይበልጣል።

መልቀቅ ከሆነም በወጉ

ጠበቃ አይደለሁም፣ ውላችሁንና የኅብረት ስምምነታችሁን የሠራተኛ ማህበራችሁ ያስረዳችሁ። ግን ከዚያ አባት በኋላ አዋጁን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ሐኪም ማወቅ ያለበትን ያህል ልንገራችሁ።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሊለቅ ሲል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በጽሑፍ ስጡ፣ የተቀበለው ሰው ኮፒው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ። ያለ ማስጠንቀቂያ ብትቀሩ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ጤናችሁን የሚያሰጋ አደጋ ኖሮ አሠሪው ተነግሮት ዝም ካለ፣ ወይም ክብረ ነክ ድርጊትና ፆታዊ ጥቃት ከተፈጸመባችሁ ነገሩ ሌላ ነው፣ ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅን ይፈቅዳል፤ ይሄንንም ቢሆን ምክንያቱን በጽሑፍ አስቀምጣችሁ ውጡ።

5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በፈቃዱ ቢለቅም የስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። እኚያ አባት 11 ዓመታቸው ነበር። ሂሳቡን ስታሰሉት የአራት ወር ከአንድ ሦስተኛ ገደማ ደመወዝ ይመጣል። የብዙ ወር የግፊት ኪኒና ነው።

የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። ጡረታችሁም አይጠፋም፤ በግል ድርጅት ከሆናችሁ እናንተ 7 በመቶ አሠሪው 11 በመቶ የምትከፍሉት መዋጮ ይዟችሁ ይሄዳል፣ የተለያየ ቦታ ያገለገላችሁት ይደመራል። ግን በስማችሁ በትክክል ገቢ ሲደረግ እንደነበር ሳትወጡ አረጋግጡ።

አሁን የእኔ ድርሻ። ከመልቀቃችሁ በፊት፣ የድርጅታችሁ ህክምና ገና እየሠራላችሁ እያለ፣ የተንጠለጠለ ምርመራችሁን ጨርሱ። የመስማት ምርመራ፣ የደረት ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ጥርስ፣ ሁሉንም። ውጤቶቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የግፊት፣ የስኳር፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ቢያንስ የሁለት ወር ያዙና ከዚያ በኋላ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደምትከታተሉ ቀድማችሁ ካርድ አውጡ። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም ያሰባችሁ ደግሞ ሕጉ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ እርጉዝንም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት እንደሚከለክል አስታውሱ፤ የት ቦታ ሆናችሁ ልትወልዱ እንደምትፈልጉ አስቡበት።

እኔም ራሴ አንድ ጊዜ የሥራ ቦታ የለቀቅኩት ከ36 ሰዓት ተረኛነት ወጥቼ፣ ዐይኔ እየተከደነ፣ በቁጣ በጻፍኩት ደብዳቤ ነው። ቀኑን እንኳ ተሳስቼ ነበር የጻፍኩት። ሰው አልቀጣሁበትም፣ የተቀጣሁት እኔ ነኝ፤ የሥራ ልምዴን ለማውጣት ሰባት ወር ተመላልሻለሁ።

ሁለቱ ታካሚዎቼ እንዴት ሆኑ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አባታችን አሁን አንድ መጋዘን በጥበቃ ይሠራሉ። ደመወዙ ያነሰ ነው። ደረታቸው ደህና ነው፣ ግፊታቸውን በየወሩ እለካለሁ፣ ኪኒናቸውን ከጤና ጣቢያ ነው የሚወስዱት። የ11 ዓመቱ ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

እህታችን አይረኗን ሦስት ወር ወስዳ ሄሞግሎቢኗ ወደ 11.6 ወጣ። ደረጃውን ሳታርፍ እንደምትወጣው በኩራት ነገረችኝ። የሰሚቱን ሥራ ትታዋለች። ፋብሪካው ውስጥ ወደ ጥራት ቁጥጥር፣ ቀን ብቻ ወደሚሠራበት ክፍል፣ እንዲያዛውሯት በደብዳቤ ጠይቃ የመጀመሪያውን ጊዜ «ቦታ የለም» ተባለች። ባለፈው ሳምንት ስትመጣ ሌላ ነገር ይዛ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ለቤቷ ቅርብ የሆነ ቦታ፣ ደመወዙ ከአሁኑ 300 ብር ብቻ የሚበልጥ፣ የሌሊት ፈረቃ የሌለው። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ስልኳ ላይ ጽፋው ነበርና አሳየችኝ። «ልልቀቅ ወይ?» አላለችኝም። የጠየቀችኝ «ዶክተር፣ ቀኑን መቼ ላድርገው?» ብላ ነው።

ማዮማው በማህፀን ሐኪም መታየት አለበት፣ ወጪውን ደግሞ አሁን ያለችበት ፋብሪካ ይሸፍናል። መጀመሪያ እሱን ጨርሺ፣ የጆሮ ምርመራውንም አብረሽ አድርጊ፣ ከዚያ 30 ቀኑን ቁጠሪ አልኳት። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቀጠሮዋ ለፊታችን ሐሙስ ነው። ደብዳቤው ቀኑ ክፍት ሆኖ እስካሁን ስልኳ ውስጥ ተቀምጧል።